ዘውድ ወይስ ጎፈር

ዕቁቤ ወጣልኝ፣ አሥራ ሁለት ሺህ ብር፤
ለጣራው ቆርቆሮ ግማሹን ስቆጥር፣
ለልጁ ደብተር፣ ለሱቁ ዱቤ፣
ሦስት ሺህ ተረፈ፤ እሱ ለልቤ።

የዓሣ ማኅበር ገንዘብ ተቀባይ ነኝ፤
ቀን ሙሉ የሰው ብር ሲያጥለቀልቀኝ፣
ቅርፊት የለጠፈ፣ ቆሮሶ የሚሸት፣
እርጥቡን ከደረቅ ለይቼ ስከት፣
ማታ እጄን በሎሚ፣ ደግሞ በሳሙና፤
አይለቅም ሽታው።
የሰው ነውና።

ግሽ ዓባይ መታጠፊያ፣ ከዘንባባው ሥር፣
ጋሽ ዋሴ የሰዓት ሆድ ሲፈታ፣ ሲያስር፣
ከጉልበቱ አጠገብ የብስኩት ጣሳ፣
የሰላም ጓድ መምህር ትቶለት የተነሣ።
ውስጡ አሜሪካ ነው፣ ተሰባብሮ ሳንቲም፤
«ምን ይገዛል ይሄ?» ይላል መንገደኛው፤ መልስ ግን አይጠብቅም።

እኔ ግን ሦስት ዓመት፣ ከሥራ መልስ፣
በአጉሊ መነጽሩ አንድ በአንድ ስዳስስ፣
ዓመት ለይቻለሁ፣ ፊደል ለይቻለሁ፤
ዛሬ ግን ልገዛ ብር ይዤ መጥቻለሁ።

«እሺ የሻረግ፣ የቱን?» አለኝ።
ዝም።

ትልቋን አነሣሁ። ብር ናት፣ ትከብዳለች፤
ጉንጫም ሴት ናት፣ ወደ ግራ ታያለች፤
የስንዴ ዛላ ሰክታ ከጠጉሯ መሐል፣
ጀርባዋ ላይ ንስር ክንፉን ዘርግቷል።
«ሦስት ሺህ» አለኝ። ልክ የያዝኩትን ያህል።
እሷን ብቻ ገዝቼ፣ ሌላ ምንም ሳላይ
ቤቴ ብገባ፣
ሳሎን ሳይኖር ሶፋ መግዛት አይሆንም ወይ?

ግማሿን አየሁ፤ ፀሐይ ልትቀበል የምትራመድ ሴት፣
በጠዋት የዓባይን ድልድይ እንደምታቋርጥ፣
የጨርቃ ጨርቅ ፈረቃ እንደ ደወለባት፣
ነጠላዋን እንደ ሸራ ነፋስ ሞልቶት።
ሺህ አምስት መቶ።
ልቤ ተነሣ፤ እጄ ተቀመጠ።

አሥር ሳንቲሟ ደግሞ፣ ጥፍር የምታህል፣
ራሷ ላይ ክንፍ አላት፣ ፊቷ መስተዋት ይመስላል።
«ይቺን ማን ፈተጋት?»
«አንዱ ነው፣ በአመድ።»
ወዲያው መለስኳት።

እኔም አንድ ጊዜ የእናቴን ማርትሬዛ
በአመድ ፈትጌያት፣ እስክታበራ እንደ ጤዛ፣
ይዤ ብሄድ አንጥረኛው ገልበጥ አረጋትና
«መቶ ዓመቷን አጥበሽ ጣልሽው'ኮ» አለ፣ አዘነና።
ከዚያ ወዲህ የጠቆረን ነገር አልፈትግም፤
ጥቁረቱ ነው ዋጋው፣ እድፍ አይደለም።

ከጣሳው ግርጌ፣ በቀይ ሳንቲሞች ተቀብሮ፣
አንድ አምስት ሳንቲም፣ ዓመቱ በመዳፍ ተሸርሽሮ።
«እሱን ተይው» አለ፣ «ዓመተ ምሕረት የለው፤
ሰብሳቢ አይፈልገውም፤ በሰማንያ ብር ውሰጂው።»

ገለበጥኩት።
በአንድ ፊቱ ሰው፣ ላባ ጠጉሩ ላይ የሰካ፣
በሌላው ጎሽ፣ ጎፈሩ ጉልበቱን የነካ።

ወንድሜ ዓለምነው ታወሰኝ፤ ሽምብጥ፣ ጣና ዳር፣
ታንኳ የገባውን ውኃ ማን ይጭለፍ ስንከራከር፣
ስሙኒ ወደ ሰማይ፦
«ዘውድ ወይስ ጎፈር?»
ዘውዱ ወርዶ እንኳን ቃሉ አልወረደም፤
በልጅ አፍ ነግሦ ነው፣ ማንም አልሻረውም።

ጣሳው ውስጥ ያለው ንስር ነው፣ ክንፍ ነው፣ ስንዴ ነው፤
ላባውን ዘውድ ካልኩት፣
ዘውድም ጎፈርም ያለው ይሄ ብቻ ነው።

«ጋሽ ዋሴ፣ እነዚህን ነው የምሰበስብ፤
ዓመት ያለውንም፣ የጠፋበትንም፣
በወር አንድ፣ ልክ እንደ ዕቁብ።»

ሰማንያ ከፈልኩ። ትልቋን በጣቴ ነክቼ ተውኳት፤
ለሌላ ዕጣ። ወይም ሳሎን ላለው ቤት።

መሽቷል። ጣና እንዳልተፈተገ ብር ጠቁሯል።
ባጃጅ አጠገቤ ቆመ። «እንሂድ?» አለ ልጁ።
«ቆይ» አልኩት። ወረወርኩ።
ዘውድ ከሆነ በእግር፣
ጎፈር ከሆነ በባጃጅ።

ጎፈር።

በእግሬ ሄድኩ።